መዳፍ የምታክል ኤሊ፣ ከቤት የሚረዝም ዕድሜ

ለልጅ የሚሆን የቤት እንስሳ ሲታሰብ ኤሊ በብዙ ወላጆች ዓይን የምትገባው በምክንያት ነው። አትጮህም፣ አትናከስም፣ ፀጉር አታረግፍም፣ አከራይ አታስቆጣም፣ እንደ ውሻ ሥጋ አትጠይቅም። ጨቅላ ከሆነች ደግሞ መዳፍ ላይ ትቀመጣለች። ከእንቁላሏ የወጣች የየብስ ኤሊ ርዝመቷ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷም ጥቂት አሥር ግራም ቢሆን ነው። ካርቶን ውስጥ ሣር ተጎዝጉዞላት፣ የጎመን ቅጠል ተጥሎላት፣ ሳሎን ጥግ ላይ ሳታስቸግር ትኖራለች ተብሎ ይገመታል። ግምቱ ግን ተሳስቷል። በአዲስ አበባ መሀል፣ በተለይም እንደ ካዛንቺስና እንደ ቀሪው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ባለ ሰፈር፣ ጨቅላ ኤሊ ገዝቶ ማሳደግ ከሁሉም የቤት እንስሳ አያያዝ ከባዱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሚከብደውም ኤሊዋ አስቸጋሪ ሆና አይደለም። እሷ የምትፈልጋቸው ሁለት ነገሮች፣ ሙቀትና የማይነቃነቅ ቦታ፣ ሰፈሩ ራሱ የሌሉት ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ የትኛዋን ኤሊ ማለታችን እንደሆነ እንለይ። በአገራችን ካሉት የየብስ ኤሊዎች በስፋት የምትታወቀው ቅርፊቷ እንደ ነብር ቆዳ ጥቁርና ቢጫ ነጠብጣብ ያለበት ናት። መኖሪያዋ ሣርና ቁጥቋጦ የበዛበት ቆላና ወይና ደጋ ነው፤ የስምጥ ሸለቆው፣ የአዋሽ ተፋሰስ፣ የደቡቡና የምሥራቁ ሜዳ። ስታድግ 40 ሴንቲ ሜትር ትደርሳለች፤ በምሥራቅ አፍሪካ ከዚህም በእጅጉ የሚልቁ አሉ። ሁለተኛዋ ጭኗ ላይ እሾህ የመሰለ ጉጥ ያላት፣ ከሴኔጋል ጀምሮ በሰሃራ ደቡባዊ ጠርዝ እስከ ኢትዮጵያና ኤርትራ የተዘረጋ ደረቅ ምድር ነዋሪ ናት። ይቺ ከዓለማችን የየብስ ኤሊዎች በግዝፈቷ ከጋላፓጎስና ከአልዳብራ ደሴቶች ኤሊዎች ቀጥላ የምትጠራ ስትሆን፣ ወንዱ 80 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና ወደ 100 ኪሎ ግራም ክብደት ሊደርስ ይችላል። ጉድጓድ ትቆፍራለች፤ አጥር ሥር፣ ግንብ ሥር፣ ደረጃ ሥር። ጨቅላ ሳሉ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ላልለመደው ሰው ቀላል አይደለም። ስለዚህ ገዢው በእጁ የያዛት ነገር ወደፊት የጀበና ረከቦት ታክል ወይም በር ትገፋ እንደሆነ ሳያውቅ ገንዘብ ይከፍላል።

አሁን ወደ ሙቀቱ። ኤሊ ሙቀቷን ከውስጧ አታመነጭም፤ ከፀሐይ፣ ከመሬት፣ ከአየር ትወስዳለች። የምትበላው ሣር አንጀቷ ውስጥ በረቂቅ ተሕዋስያን እየተብላላ ነው ምግብ የሚሆነው፤ ሰውነቷ ካልሞቀ ይህ ሥራ ይቆማል፣ የበላችውም እሆዷ ውስጥ ይበላሻል። ለጨቅላ ኤሊ የሚመከረው የቀን አየር ከ26 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የምትሞቅበት ነጥብ ወደ 35 ዲግሪ የሚጠጋ፣ ሌሊቱም ከ20 ብዙ የማይወርድ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ የሌሊቱ ቅዝቃዜ 7 እና 8 ዲግሪ ድረስ ይወርዳል፤ በሐምሌና በነሐሴ የቀኑ ሙቀት እንኳ 20 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ፀሐይ ለቀናት ትሸሸጋለች። ማሞቂያ በሌለው የብሎኬት ቤት ወይም የኮንዶሚኒየም ክፍል ውስጥ ያለው አየር ከውጭው እምብዛም አይለይም። ኤሊዋ እጅና እግሯን ሰብስባ፣ ዓይኗን ጨፍና ስትቀመጥ ቤተሰቡ «ተኝታለች» ይላል። አንዳንዱም በኢንተርኔት ያየውን ያስታውስና «ክረምቱን እንቅልፍ ላይ ናት» ይላል። ክረምት ተኝተው የሚያሳልፉት የአውሮፓና የመካከለኛው እስያ ኤሊዎች ናቸው። የእኛዎቹ የቆላ ልጆች ይህ ችሎታ የላቸውም። እንቅልፍ የመሰለው ነገር ቀስ ያለ መክሰም ነው፤ ኤሊ ደግሞ ስትከስም ሳምንታት ስለምትወስድ የሞቷ ምክንያት ከመጀመሪያው ብርድ ጋር አይያያዝም።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ መቃወሚያ ይነሣል። በአዲስ አበባ የድሮ ቪላ ግቢዎች፣ በሆቴልና በመሥሪያ ቤት የአትክልት ቦታዎች ለዓመታት ሲንቀሳቀሱ የኖሩ ኤሊዎች አሉ፤ ማሞቂያ አምፖል የገዛላቸውም የለም፤ ታዲያ ብርዱ ለምን አልገደላቸውም? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በአካል መጠን ላይ ነው። 15 ኪሎ ግራም የምትመዝን ኤሊ ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት እንደ ወፍራም የድንጋይ ግንብ ይዛ ታመሻለች፤ ሌሊቱ እስኪጋመስ ውስጧ ገና ሞቃት ነው። 30 ግራም የምትመዝነዋ ግን ፀሐይ ዘወር ባለች በደቂቃዎች ውስጥ ከአየሩ እኩል ትሆናለች። ያውም ትልቋ ሰፊ ሣር፣ ቁጥቋጦ፣ የተጋለጠ የፀሐይ ቦታና የምትጠለልበት ጥግ ያለው ግቢ ስላላት እንደ ሰዓቱ ቦታ ትቀያይራለች። ከዚህ ሌላ ዓይናችን የሚያየው የተረፉትን ብቻ መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል። ካርቶን ውስጥ የሞቱት ጨቅላዎች ግቢ ውስጥ ሲዞሩ ታይተው «እነሆ ሞቱ» አይባሉም። ስለዚህ የቪላው ኤሊ የሚያስረዳን አዋቂ ኤሊ ሰፊ ግቢ ውስጥ ሊቆይ እንደሚችል ነው እንጂ፣ ጨቅላ በሳሎን እንደምታድግ አይደለም።

ብርዱ ቢፈታ እርጥበቱ ይከተላል። እዚህ ላይ የአዲስ አበባ አየር ጠባይ ለጨቅላ ኤሊ የተዘጋጀ ወጥመድ ይመስላል። ለረጅም ጊዜ የኤሊ አሳዳጊዎች ቅርፊት ላይ እንደ ፒራሚድ የሚወጡ ጉብታዎችን የሚያመጣው ፕሮቲን የበዛበት ምግብ ነው ብለው ያምኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 በቪየና የተሠራ ጥናት የባለ እሾህ ጭኗን ኤሊ 50 ጨቅላዎች ከመፈልፈል እስከ አምስት ወር ዕድሜ ድረስ በተለያየ እርጥበትና በተለያየ የፕሮቲን መጠን አሳድጎ ተመለከተ። ጉብታውን በዋናነት የወሰነው ደረቅ አየር ሆኖ ተገኘ፤ የፕሮቲኑ ድርሻ አነስተኛ ነበር። በረሃ ውስጥ ለምትወለድ እንስሳ ይህ ግራ ያጋባል፤ ነገር ግን በዱር ያለች ጨቅላ ገላጣ አሸዋ ላይ አትውልም፤ ቀኑን የምታሳልፈው ሥር ሥር፣ ሣር ውስጥና ጉድጓድ ውስጥ፣ አየሩ ረጠብ ባለበት ነው። አሁን ይህን ወደ ካዛንቺስ እናምጣው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ቤቱ ደረቅ ነው፤ ማሞቂያ አምፖል ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል፤ ቅርፊቷ ተጉብቶ ያድጋል። ከሰኔ እስከ መስከረም እርጥበቱ ሞልቷል፤ ሙቀቱ ግን የለም፤ ብርድና እርጥበት ሲገናኙ ሳንባዋ ይታመማል። ኤሊ እንደ ሰው የሚያስል ድያፍራም ስለሌላት አክታ ማውጣት አይሆንላትም። አፍንጫዋ ላይ የምትታይ ትንሽ አረፋ፣ አንገቷን አስረዝማ አፏን ከፍታ መተንፈሷ የመጀመሪያ ምልክቶች ናቸው፤ ብዙ ጊዜም የመጨረሻዎቹ። ሙቀትና እርጥበትን አንድ ላይ የሚሰጥ ወር በዚህ ከተማ የለም። ሁለቱን በሰው እጅ ማቀናጀት ግድ ነው።

በአንድ ነገር ግን አዲስ አበባ ከለንደንም ከቪየናም ትበልጣለች፤ በፀሐይዋ። ለምድር ወገብ የቀረበችና ከፍ ያለች ከተማ ስለሆነች አልትራቫዮሌት ጨረሯ ብርቱ ነው፤ ኤሊ ደግሞ ቫይታሚን ዲ ሠርታ ካልሲየምን አጥንቷና ቅርፊቷ ውስጥ የምታስገባው በዚህ ጨረር ነው። ይሁን እንጂ ጨረሩ መስታወት አያልፍም። መስኮት ሥር ተቀምጣ «ፀሐይ እየሞቀች» ያለች ኤሊ ሙቀቱን እንጂ ጨረሩን እያገኘች አይደለም፤ ስለዚህ ወሳኙ ነገር በረንዳ ወይም ግቢ መኖሩ ነው። እዚያም ቢሆን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጨቅላ በፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ ያለ ጥላ ፀሐይ ላይ ከተተወች በግማሽ ሰዓት ውስጥ በሙቀት ልትሞት ትችላለች፤ ከላይ ደግሞ ጭልፊትና ቁራ፣ ከታች አይጥና ውሻ አሉ። የሳፋው ግማሽ ጥላ ይኑረው፣ ከላይ ወንፊት ሽቦ ይጋደምበት፣ ሰውም አጠገቧ ይኑር። ጠዋት ሦስትና አራት ሰዓት ላይ ግማሽ ሰዓት እንዲህ ብትቆይ ማንኛውም አምፖል ከሚሰጣት ይበልጣል። ለቀረው ጊዜ አምፖሉ ያስፈልጋል። ቀን 12 ሰዓት የሚበራ ባለ 100 ዋት ማሞቂያና ሌሊት የሚተካው ሌላ 100 ዋት የማያበራ ማሞቂያ በወር 72 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃሉ። ይህ በ3,500 ዋት ምጣድ ለሁለት ሰዓት እንጀራ ከሚጋገርበት ቀን አሥር ጊዜ ያህል ነው። ወጪው ብቻውን ቤት የሚያፈርስ አይደለም። የሚያፈርሰው መብራት የሚጠፋበት ሌሊት ነው። ያን ጊዜ ሙቅ ውኃ በጠርሙስ ሞልቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ አጠገቧ የሚያስቀምጥ፣ ሲበርድም የሚቀይር ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ደግሞ ልጁ አይሆንም።

ምግቡ ከሁሉም የሚቀለው ክፍል ነው፤ ቢሆንም ስሕተቱ የሚበዛው እዚሁ ነው። ሣር፣ ማገጥ፣ አልፋልፋ፣ እሾሁ የተጠረበለት የበለስ ቁልቋል ቅጠል፣ ከአትክልት ተራ የመጣ ጎመን በመጠኑ፤ ይኸው ነው። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ወተትና ሥጋ አንጀቷን ያበላሻሉ። ቆስጣ በየጉልቱ ስለሚገኝ በቀላሉ ይሰጣል፤ ውስጡ ያለው ኦክሳሌት ግን ካልሲየሙን ይዞ ያስቀረዋል፣ ስለዚህ የዘወትር ምግብ አይሆንም። ሰላጣ አብዛኛው ውኃ ነው። ቲማቲምና ሙዝ ጣፋጭ ስለሆኑ ትሻማቸዋለች፤ መሻማቷ ለእሷ ተስማምተዋል ማለት አይደለም። የእንቁላል ቅርፊት ተቀቅሎ፣ ደርቆና እንደ ዱቄት ተፈጭቶ ቅጠሉ ላይ ቢነሰነስ የካልሲየሙን ጉድለት ይሞላል። የመንገድ ዳር ሣር የመኪና ጭስና የሚረጭ መድኃኒት ስለሚኖርበት ይቅር። በየቀኑ ለሩብ ሰዓት ያህል አገጯን በማያልፍ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ማስቀመጥም ከምግቡ እኩል ነው፤ ጨቅላ ኤሊ በረሃብ ከመሞቷ በፊት በጥም ትደርቃለችና። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላም ቅርፊቷ በጣት ሲጫኑት እንደ ጥፍር እየተለመጠ ከቀጠለ፣ ካልሲየሙ ወይም ፀሐዩ እየደረሳት አይደለም ማለት ነው። ቅርፊት ልብስ አይደለም፤ የጀርባ አጥንቷና የጎን አጥንቶቿ ተገጣጥመው የሠሩት፣ ደምና ነርቭ ያለው ሕያው አካል ነው። እንዳትጠፋ ብሎ ጫፉን በስቶ ገመድ የሚያስር፣ ወይም ለማሳመር ቀለም የሚቀባ ሰው ይህን ቢያውቅ እጁን ይሰበስብ ነበር።

ይህን ሁሉ ያሟላ ቤተሰብ አለ እንበል። አምፖሉ አለ፣ በረንዳው አለ፣ ጠዋት ጠዋት የሚከታተላት ሰውም ተገኘ። ያኔ ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል፤ እስከ መቼ? በሚገባ የተያዘች የየብስ ኤሊ ከ50 ዓመት በላይ ትኖራለች። ከሌላ ወገን የሆነው፣ እስከ ዘመናችን የዘለቀው የሴንት ሄሌና ደሴቱ ጆናታን እ.ኤ.አ. በ1882፣ ማለትም የእምባቦ ጦርነት በተካሄደበትና አዲስ አበባ ገና ባልተቆረቆረችበት ዓመት፣ ወደ ደሴቷ ሲጫን ያደገ ኤሊ ነበር። እንዲህ ያለውን ልዩ ዕድሜ ትተን ተራውን 50 እና 60 ዓመት ብንወስድ እንኳ ከካዛንቺስ ታሪክ ጋር ማስተያየት ይበቃል። ሰፈሩን የሠራው ጣሊያን ነው፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ባስገነባቸው ቤቶች ተጀመረ፣ ስሙንም ከእነዚያ ቤቶች ወሰደ። ከዚያ ወዲህ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ተወረሰና ብዙው የቀበሌ ቤት ሆነ፤ ቪላው በክፍል በክፍል ተከፋፈለ፣ የአትክልት ቦታው በማድ ቤትና በሰርቪስ ተሞላ። ቀጥሎ ሆቴሎችና ፎቆች መጡ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ደግሞ በኮሪደር ልማት ሁለተኛ ምዕራፍ ሰፊው የካዛንቺስ ክፍል ፈርሶ ነዋሪው ገላን ጉራን ወደመሳሰሉ የከተማ ዳር ቦታዎች ተዛወረ። ለትውልድ አብሮ የኖረ ጎረቤት በሳምንታት ውስጥ ተበታተነ። በ1950ዎቹ መጨረሻ እዚያ ግቢ ውስጥ ጨቅላ ሆና የገባች ኤሊ ብትኖር ኖሮ፣ በአንድ ዕድሜዋ ውስጥ ባለቤቶቿን፣ ግቢውንና ሰፈሩን ባጣች ነበር።

መፍረሱ ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚለው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ጉዳዩ ኤሊ ዕቃ ጭኖ እንደሚሄድ ሰው አለመሆኗ ነው። ኤሊ ቦታ ትማራለች፤ ፀሐዩ ጠዋት የሚመታበትን ግድግዳ፣ ጥላውን፣ መደበቂያዋን ታውቃለች። ቂርቆስ ወደ 15 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ቦታ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ220 ሺህ በላይ ሰው ያሠፈረ ክፍለ ከተማ ነው። አሁን የሚሠራው ሁሉ ወደ ላይ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ ኮንዶሚኒየም 15 ኪሎ ግራም የሆነች፣ ቀኑን ሙሉ ሣር የምትግጥና የምትጸዳዳ እንስሳ የት ትዋል? ተከራይ ደግሞ በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ ቤት ይቀይራል። ይህን ስል ሀብታም ብቻ እንስሳ ይያዝ ማለቴ አይደለም፤ ድመት በአንድ ክፍል ቤት ደስ ብሏት ትኖራለች፣ ቤት ሲቀየርም ትከተላለች፣ ዕድሜዋም ከባለቤቷ ዕቅድ ጋር ይመጣጠናል። ኤሊ ግን ከዕቅዳችን ትረዝማለች። በአሜሪካ ይህ በገሃድ ታይቷል። ባለ እሾህ ጭኗ ኤሊ በጨቅላነቷ በርካሽ በገፍ ተሸጠች፤ ከአሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ እንደ አሪዞና ባሉ ግዛቶች ያሉ የእንስሳት መጠለያዎች አጥር የሚገለብጡ፣ ማንም የማይወስዳቸው ግዙፍ ኤሊዎች ሞሉባቸው። እዚያ መጠለያ አለ። እዚህ የሚጠብቃት ጎዳናው ነው።

ሕጉም አለ፤ ብዙ ሰው ግን ሕጉ የሚመለከተው አንበሳንና ዝሆንን ብቻ ይመስለዋል። ኤሊ የዱር እንስሳ ናት። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝና መነገድን ይከለክላል፤ ጥሰቱም በገንዘብና በእስራት ያስቀጣል። አስፈጻሚው በአዋጅ ቁጥር 575/2000 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ አባል የሆነችበት ሳይተስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ደግሞ የየብስ ኤሊዎችን በሙሉ በቁጥጥር ዝርዝሩ ያስገባ ሲሆን፣ ከዱር የተያዘች ባለ እሾህ ጭን ኤሊ ለንግድ ከአገር እንድትወጣ የተፈቀደው መጠን ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዜሮ ነው። «ወደ ውጭ የሚሄድ ዘመዴ ጋር እልካታለሁ» የሚል ሰው ይህን ይያዝ።

የሚገዛ ሰው የሚያቀርበው መከራከሪያ ከሕጉ ይልቅ ሊያስቸግር ይችላል። በዱር ከተፈለፈሉ ጨቅላዎች አብዛኛዎቹ ለወፍ፣ ለቀበሮና ለእንሽላሊት ሲሳይ ሆነው ለአካለ መጠን ሳይደርሱ ያልቃሉ፤ አንዷን ማንሣት ምን ያጎድላል? እንዲያውም ማትረፍ አይሆንም? ይህ መከራከሪያ ከፊሉ እውነት አለው። ለኤሊ ወገን ሕልውና ወሳኙ የጨቅላዎቹ ሳይሆን የአዋቂዎቹ፣ በተለይም ለአሥርት ዓመታት እንቁላል የሚጥሉት እናቶች በሕይወት መቆየት መሆኑን የሥነ ሕዝብ ስሌት ያሳያል። ችግሩ ንግዱ በዚህ ስሌት አለመመራቱ ነው። ጨቅላ ኤሊ ቅጠል ሥር ተደብቃ ስለምትውል ለመገኘት አስቸጋሪ ናት፤ በየመንገዱ በቀላሉ የምትታየው ትልቋ ናት። ዋጋ የተቆረጠለት እንስሳ ሲሆን ለቃሚው ያገኘውን ሁሉ ያነሣል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 ማዳጋስካር ውስጥ ቶሊያራ በተባለች ከተማ በአንድ ቤት ከ10 ሺህ በላይ ኤሊዎች ታጭቀው ሲገኙ፣ ያንን ክምር የፈጠረው የአንድ ክፉ ገዢ ፍላጎት አልነበረም፤ «አንድ ብቻ» የሚሉ ብዙ ገዢዎች ነበሩ። በምርኮ የተፈለፈለች ብትሆንስ? ያኔ ነገሩ ይለያል። አርባ ምንጭ ያለው የአዞ ርባታ ጣቢያ እንደሚያሳየው የዱር እንስሳ በፈቃድ ሊረባ ይችላል። ሻጩ ግን የርባታ ፈቃዱን ያሳይ። ጨቅላ ይዞ በእግር የሚዞር ልጅ ወይም በቴሌግራም ፎቶ የሚለጥፍ ደላላ «ቤት የተፈለፈለች ናት» ቢል ቃሉን የሚያረጋግጥ ወረቀት ከሌለው እንደተለቀመች መቁጠሩ ይሻላል።

የልጆቹን ጤና በተመለከተ አጭር ነገር ይበቃል። ኤሊዎች ምንም ሳያማቸው ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ አንጀታቸው ውስጥ ይዘው ይኖራሉ፤ በዓይነ ምድራቸው፣ በሚነከሩበት ውኃና በቅርፊታቸው ላይ ይገኛል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 ከ4 ኢንች፣ ማለትም ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች ቅርፊት ያላቸውን ኤሊዎች ለቤት እንስሳነት መሸጥን የከለከለችው በዚሁ ምክንያት ነው። ትልቋ ኤሊ ባክቴሪያው የላትም ማለት አይደለም፤ ትንሿ አፍ ውስጥ ትገባለች፣ ትሳማለች፣ ከአሻንጉሊት ጋር ትደባለቃለች፣ መጠጫ ኩባያ ውስጥ ትታጠባለች። ማለትም ለልጅ ተስማሚ ያስመሰላት ትንሽነቷ ራሱ ለልጅ አደገኛ ያደርጋታል። ከአምስት ዓመት በታች ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር፣ አዛውንት ወይም የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ባለበት ቤት ባትገባ ይመረጣል። ልጅ እንስሳ መንከባከብን ይማር የሚለው ምኞት መልካም ነው፤ ነገር ግን ስሕተቱ ከወራት በኋላ የሚገለጥ እንስሳ ጥሩ አስተማሪ አይደለችም። ድመት ሲርባት ትጮሃለች። ኤሊ ዝም ትላለች፣ ልጁም የዝምታዋን ትርጉም የሚያውቀው ከረፈደ ነው።

አስቀድማ ቤት የገባች ኤሊ ያለችው ሰውስ? ለእሱ «ባትገዛ ኖሮ» ማለት ዋጋ የለውም። መጀመሪያ ማድረግ የሌለበት አንድ ነገር አለ፤ ወስዶ መልቀቅ። እንጦጦ ጫካ ብትለቀቅ በብርድ ታልቃለች፤ ወንዝ ዳር ብትጣል የየብስ ኤሊ ዋናተኛ አይደለችም፤ አዋሽ ድረስ ተወስዳ ብትለቀቅ እንኳ ከከተማ የያዘችውን በሽታ ለዱሮቹ ልታስተላልፍ ትችላለች፣ የመጣችበት አካባቢም ያ ላይሆን ይችላል። ትክክለኛው መንገድ ለባለሥልጣኑ ማሳወቅ ነው። ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት ወደ ሆለታ በሚወስደው መንገድ ያቋቋመውን «እንስሳ ኮቴ» የመሰለ የማገገሚያ ማዕከል በሕገ ወጥ መንገድ ተይዘው የተገኙ የዱር እንስሳትን ይቀበላል፤ ቦታው ግን ራሱ ደጋ ስለሆነ ኤሊዋ የት ትሂድ የሚለውን የሚወስነው ባለሥልጣኑ ነው እንጂ ያመጣው ሰው አይደለም። ቅጣት ፈርቶ መደበቅ ይኖራል፤ ነገር ግን ራሱ ያመለከተ ሰውና ሲሸጥ የተያዘ ሰው በአንድ ዓይን እንዳይታዩ ባለሥልጣኑ በግልጽ ቢያሳውቅ ብዙ ኤሊዎች ከካርቶን ይወጡ ነበር። የከተማችን የእንስሳት ሐኪሞች በአብዛኛው የሠለጠኑት ለከብት፣ ለበግ፣ ለዶሮና ለውሻ ስለሆነ የታመመች ኤሊ ያለው ሰው ቢሾፍቱ የሚገኘውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቢጠይቅ ይሻላል።

ርክክቡ እስኪደርስ ያሉት ቀናት የሚጠይቁት ጥቂት ነው። ካርቶኑ የጫማ ሳይሆን የቴሌቪዥን ይሁን፤ አንዱ ጫፍ ሞቆ ሌላው ቀዝቀዝ ይበል፤ ሞቃቱ ጫፍ ላይ ቴርሞሜትር ይቀመጥ፤ ከታች በጋዜጣ ፋንታ በትንሹ የረጠበ አፈርና ደረቅ ሣር ይነጠፍ፤ የነካት ሰው ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ውኃዋም ዕቃ በሚታጠብበት ሲንክ አይደፋ። በየሳምንቱ በወርቅ ቤት ወይም በቅመም ሚዛን ትመዘንና ቁጥሩ ይጻፍ፤ ክብደቷ ሁለት ሳምንት ተከታትሎ ከቀነሰ ቀጠሮ አይጠበቅም። በምትጓዝበት ቀን ቀዳዳ በተበጀለት ሣጥን፣ በፎጣ ተደግፋ፣ ሰው በተቀመጠበት የመኪናው ክፍል ትሂድ እንጂ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አትግባ። ከሣጥኑም ጋር የምትበላውን፣ ለስንት ጊዜ ቤት እንደቆየችና ከየት እንደተገኘች የሚገልጽ ወረቀት ይሂድ፤ ለሚረከባት ባለሙያ የመጨረሻው መረጃ፣ የተለቀመችበት ቦታ፣ ከሁሉም ይበልጥ ያስፈልገዋል።